ከሥር የተጀመረ ቅርንጫፍ

እኔ ሰው ስለ ጥላና ስለ መንፈስ ማውራት ሲጀምር ነጠላዬን ሰብስቤ ከመካከሉ የምነሣ ሴት ነኝ፣ ዛሬም ነኝ። ጋምቤላ ከመጣሁ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ከባሮ ዳር ስለሚጣራ ድምፅ፣ ልብስ ሲያጥቡ ከማዶ ቆሞ ስለሚታይ ሰው ስንቱን ሰምቻለሁ፣ አንዱንም ይዤ ወደ ቤቴ አልገባሁም። ፈጣሪ ባለበት ቤት ሌላ ነገር ምን ይሠራል እል ነበር። ይህን የምጽፈውም እመኑኝ ለማለት አይደለም፣ እኔ ራሴ ማመን አለማመኔን ለይቼ አላውቅም። ሌሊት ሆኖ ቢሆን ሕልም ነው ብዬ እተወው ነበር። የሆነው ግን በጠራራ ፀሐይ፣ በቀትር ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከባለቤቴ ከደምሴ ነው። ደምሴ ዛፍ ገራዥ ነበር። ከወሎ በሰፈራ ስንመጣ እኔ አዲስ ሙሽራ፣ እሱ ከእርሻ በቀር ሌላ ሙያ የማያውቅ ጎረምሳ ነበርን፣ በኋላ ችግኝ ጣቢያ ሥራ አገኘ፣ እዚያ መጋዝና መቀስ ያዘ፣ ጡረታ ከወጣም በኋላ አልለቀቀም። ማንጎው ቆርቆሮውን የመታበት፣ ኒሙ የመብራት ገመድ የነካበት፣ ሎሚው ቅጠል ብቻ ሆኖ ፍሬ የነሣው ሰው ሁሉ "ገራዡን ጥሩልኝ" ይል ነበር። ይህ ስም አንድ ቀን ጉድ አመጣብን። ለከተማው አዲስ የሆነች አንዲት እናት የስምንት ቀን ወንድ ልጇን ታቅፋ ከባጃጅ ወረደችና በራችንን አንኳኳች።

"የገራዡ የአቶ ደምሴ ቤት ይህ ነው?"

ደምሴ የወጣው መጋዙን እንደያዘ ነበር። ሴትየዋ መጋዙን አየች፣ ልጇን አየች፣ ወደ ባጃጇ ዞረች።

"እኔ የምገርዘው ማንጎ ነው፣ እህቴ። ይልቅ ግቢና ውኃ ጠጪ፣ ሙቀት ነው" አላት።

ያን ቀን የሳቅነው ሳቅ እስከ ዛሬ ደረቴ ውስጥ አለ።

ለእያንዳንዱ ዛፍ የተለየ እጅ ነበረው። ሎሚን ከውስጥ ነው የሚከፍተው፣ እሾሁ ክንዱን እየቧጨረው ሆዱ ድረስ ይገባና የተጠላለፈውን ያወጣል፣ ከዚያ ሥሩ ተቀምጦ ይጠብቃል፣ ፀሐይ በቅጠሉ መካከል ሾልካ መሬት ላይ ጠብ ጠብ ስትል "አሁን ተነፈሰ" ይላል። ዘይቱንን ጫፍ ጫፉን ይለዋል፣ ፍሬው በአዲስ ቀንበጥ ላይ ስለሆነ ካልነኩት ይኮራል ይል ነበር። ሽፈራውን፣ ሞሪንጋውን ማለቴ ነው፣ ቅጠል ስለቅም እንዳልንጠራራ በእኔ ቁመት ልክ ይቀነጥበዋል። ኒምን አይራራለትም፣ "ኒም አንገቱን ብትቆርጪው በወሩ ይስቅብሻል" ይለኛል። ማንጎ ላይ ሲደርስ ግን ዝም ይላል። ፍሬው ተለቅሞ ሳያልቅ አይነካውም፣ ሲነካውም ቀስ ብሎ ነው፣ መጋዙን ሦስት ጊዜ ይስባል፣ አንድ ጊዜ ይተነፍሳል፣ እንደገና ሦስት ይስባል፣ አንድ ይተነፍሳል። የማንጎ ወተት ቆዳ ያቃጥላል፣ ጠብ ያለበት ቦታ ጠቁሮ ይከርማል፣ የደምሴ ክንዶች ሁልጊዜ ቀለም እንደተንጠባጠበባቸው ነበሩ። እኔ ያኔ ልጅ አዝዬ ወጥ ላይ ነኝ፣ ድምፁን ነው የማውቀው እንጂ እጁ ምን እንደሚሠራ ቆሜ አይቼ አላውቅም። ይህን ልብ በሉልኝ፣ በኋላ ያስፈልጋል።

ከመኝታ ቤታችን መስኮት አጠገብ አንድ ማንጎ አለ፣ ልጃችን ሰናይት የተወለደች ዓመት የተከለው ነው። ከዚህ ማንጎ አንድ ወፍራም ቅርንጫፍ ወጥቶ በመስኮታችን ፊት ያልፍና እስከ ቆርቆሮው ጠርዝ ይዘረጋል። የጋምቤላን ሙቀት ለሚያውቅ ሰው ይህ ቅርንጫፍ ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም፣ መብራት ጠፍቶ ቬንትሌተሩ ሲቆም የሚያስተኛን እሱ ነው። ደምሴ ሆን ብሎ ትቶት ነው ያደገው። "ይህን እኔ ካልሆንኩ ማንም እንዳይነካው" ይል ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ ወደቀ። ሆስፒታል አደረስነው፣ ሐኪሙ የጭንቅላት የደም ሥር ነው፣ ስትሮክ ነው አለን። በሕይወት ተረፈልኝ፣ ተመስገን። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ግን አልታዘዘውም፣ አንደበቱም ተያዘ። ከዚያ ሁሉ ጨዋታው አንዲት ቃል ብቻ ተረፈችለት።

"ከሥር።"

ቢርበው ከሥር ነው፣ ቢጠማው ከሥር፣ እኔ ስገባ ከሥር፣ ስወጣ ከሥር። መጀመሪያ ፖፖ የፈለገ መስሎኝ እሮጣለሁ፣ እሱ ራሱን ይነቀንቃል። አንሶላው ከሥሩ ታጥፎ ቆርቁሮት ይሆናል ብዬ አነሣዋለሁ፣ እሱም አይደለም። ፍራሹን ስንት ጊዜ ገልብጫለሁ። አንድ ጊዜ ከአልጋው ሥር ከዓመት በፊት የጠፋኝን ጫማ አገኘሁና አመሰገንኩት፣ ዓይኑን ጨፈነብኝ። ሰናይት መምህርት ናት፣ ነገር በምክንያት ነው የምታየው፣ "ሐኪሙ የደም ሥር ሲል ሰምቶ ነው፣ እማዬ፣ በሽታዬ ከደም ሥር ነው ማለቱ ነው" አለችኝ። ጎረቤቴ አስካለ ደግሞ፣ እንደኛው በሰፈራ የመጣች ናት፣ ልቧ ቀና ነው፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣

"ሥር አድርገውበት ነው። ሰውየው ራሱ እየነገረሽ አንቺ ፍራሽ ትገለብጫለሽ" አለችኝ።

"ማን ያደርግበታል፣ አስካለ? ዛፍ ከመቁረጥ በቀር ማንን በደለ?"

"ታዲያ ዛፉስ ባለቤት የለውም?"

"እኔ ጸበል አለኝ፣ ይበቃኛል" አልኳት። ተቆጥታ ሄደች፣ ማታ ሾርባ ይዛ ተመለሰች።

አንድ ነገር ግን አላስተዋልንም። ያቺን ቃል ሲል ዓይኑ ሁልጊዜ መስኮቱ ላይ ነበር።

ዘንድሮ ግንቦት ላይ ማንጎው ከወትሮው ሁሉ አብዝቶ ያዘ። ያ ቅርንጫፍ ከፍሬው ክብደት የተነሣ ወረደ፣ ነፋስ ሲመጣ ቆርቆሮውን ይፍቀዋል። ሰናይት ከትምህርት ቤት በመጣች ቁጥር ቀና ብላ ታየዋለች።

"እማዬ፣ ይህ ነገር አንድ ቀን እላያችሁ ላይ ይወርዳል።"

"አባትሽ አትንኩት ብሏል።"

"እሱ የሚቆርጥበት እጅ እያለው ነው ያለው። ወይ ይቆረጥ፣ ወይ አባዬ ወደ ሳሎን ይዛወር።"

ሳሎኑ ጥላ የለውም፣ ምድጃ ነው። አንድ ቀን ብናዛውረው እስኪመሽ አለቀሰ፣ መለስነው። ስለዚህ ቅዳሜ ዕለት ሰናይት ከገበያ አንድ መጥረቢያ የያዘ ሰው ይዛ መጣች። ቅርንጫፍ የሚያውቅ ደምሴን ያህል ሰው የለም፣ ከእሱ የሚቀጥለው ኦሞድ ነበር፣ ኦሞድ አኙዋክ ጎረቤታችን ነው፣ ሙያውን ያስተማረው ራሱ ደምሴ ነው፣ ግን አሁን ፑኝዶ ከተማ የጥበቃ ሠራተኛ ሆኖ ቤቱ የሚመጣው ወር ሲያልቅ ብቻ ነው። ሰውየው ወጣ፣ ቅርንጫፉ ግንዱን የሚነካበት ቦታ ላይ ቆመ፣ ከላይ መምታት ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ ሳይመታ አይቀርም። ከውስጥ ደምሴ ጮኸ።

"ከሥር! ከሥር! ከሥር!"

እንዲህ ጮኾ አያውቅም። ፖፖውን ይዤ ሮጥኩ። ግራ እጁን ወደ መስኮቱ ዘርግቷል፣ ፖፖውን ገፍቶ ጣለው። እኔ ዛፉን ስለነኩበት መሰለኝ። ወጥቼ ሰውየውን ውረድ አልኩት።

"እናቴ፣ በግማሽ አይተውም እኮ" አለ።

"ውረድ ልጄ፣ ታሞብኛል።"

ወረደ። ሰናይት ልትሄድ ተነሣች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች፣ "አሁን ደግሞ ቁስል ይዞ ቀረ። እዚያች መስኮት ሥር ነው የምትተኙት፣ እማዬ" አለችኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰውየውን ልታመጣ፣ እኔም ላልከለክል ተስማማን።

ሰኞ ቀትር ላይ ነው የጀመረው።

ጋምቤላ በቀትር ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ፣ ውሻ እንኳ አይጮኽም፣ ባጃጆች ጥላ ሥር ይቆማሉ፣ ሰው ሁሉ በየቤቱ ነው። እኔ ከደምሴ አልጋ አጠገብ ምንጣፍ ላይ ጋደም ብያለሁ፣ እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ እመኑኝ፣ ጸሎቴን በልቤ እያደረስኩ ነበር። ከውጭ መጋዝ ሰማሁ።

መጀመሪያ ጎረቤት እንጨት የሚቆርጥ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ቆጠርኩ። ሦስት ሳበ፣ ዝም አለ፣ ሦስት ሳበ፣ ዝም አለ። ወጥ እየሠራሁ ስንት ዓመት የሰማሁት ድምፅ ነው፣ ከሺህ መጋዝ እለየዋለሁ።

ብድግ ብዬ ወጣሁ። በሩን ስከፍት ቆመ። ግቢው ውስጥ ሰው የለም፣ የግቢው በር ከውስጥ እንደተቀረቀረ ነው። ማንጎው ላይ ቅጠል ሰፍተው የሚኖሩ ቀያይ ጉንዳኖች አሉ፣ ሰው ካልነካቸው አይወጡም፣ እነሱ ግንዱን አልብሰውት ይራወጣሉ። ከቅርንጫፉ ሥር ያለችው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ነጭ ነገር አየሁ፣ በጣቴ ነካሁት። ሰጋቱራ ነው። እርጥብ ነው፣ ማንጎ ማንጎ ይሸታል።

ወደ ዕቃ ቤቱ ሄድኩ። ቁልፉ ከነጠላዬ ጫፍ ተቋጥሮ ነው የሚውለው። ከፈትኩ። የደምሴ መጋዝ ከሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል፣ ዝጓል፣ እጀታው ላይ ሸረሪት አድርታለች። አማተብኩ፣ ዘጋሁት፣ ተመልሼ ገባሁ። ደምሴ ተኝቷል። ግንባሩ ላይ ላብ አለ፣ ላቡ ግን የሙቀት ነው አልኩ፣ በነጠላዬ ጠረግኩለት።

ለማንም አልተናገርኩም። ለአስካለ ብነግራት ከተማው ይሰማል፣ ለሰናይት ብነግራት እኔንም ሆስፒታል ትወስደኛለች።

ማክሰኞ ቀትር አልወጣም ብዬ ወሰንኩ። ምንጣፉንም አላነጠፍኩም። ከአልጋው ጫፍ ተቀመጥኩና የደምሴን ቀኝ እጅ በሁለት እጄ ያዝኩ፣ ያችን ሁለት ዓመት ያልተንቀሳቀሰችውን። ለምን እንደያዝኳት አላውቅም፣ ሴት ስትፈራ የባሏን እጅ ትይዛለች እንጂ ሌላ ምን ትይዛለች። እሱ ዓይኑን ጨፍኗል።

መጣ። ሦስት ሳበ፣ ዝም አለ።

ከመስኮቱ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነው፣ መጋረጃውን ብገልጥ አየዋለሁ። እጄን ግን ማንሣት አልቻልኩም። ምክንያቱም የደምሴ እጅ ይስባል። ትንሽ ነው፣ በጣም ትንሽ፣ ሕፃን ጡት ሲጠባ ጣት እንደሚጎትተው ያህል። ወደ ራሱ ሳብ ያደርጋል፣ ይለቃል፣ ሳብ፣ ይለቃል፣ ሳብ፣ ይለቃል። ከዚያ ይቆማል፣ ደምሴም ይተነፍሳል፣ ከውጭ መጋዙም ዝም ይላል። እንደገና ሦስት። ልቤ ነው የሚመታው ብዬ ነበር፣ የልቤ ምት ግን እንደዚያ አይደለም፣ የእኔማ ሊፈነዳ ነበር። የእመቤታችንን ስም ጠራሁ። እጁን አልለቀቅኩም። ፈርቼ ነበር ብል እውነት ነው፣ ግን ደግሞ፣ እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም፣ ያቺ እጅ ከሁለት ዓመት በኋላ ስትንቀሳቀስ እኔ ነኝ የያዝኳት፣ እንዴት ብዬ ልልቀቅ?

ስንት ደቂቃ እንደቆየ አላውቅም። ቆመ። ደምሴ ዓይኑን ገለጠ፣ አየኝ።

"ከሥር" አለ።

አልጮኸም፣ አልለመነም። ሥራ ጨርሶ ከመሰላል ወርዶ ውኃ ስጪኝ የሚል ሰው እንደሚለው ነው ያላት። ውኃ ሰጠሁት፣ ጠጣ፣ ተኛ።

በዚያው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሰማዩ ከወንዙ ማዶ ጠቆረ። የግንቦት ነፋስ ዝናብን አይጠብቅም፣ ቀድሞ ይገባል። ልብስ ከገመድ ሳነሣ አቧራው ዓይኔን ዘጋው፣ ቅርንጫፉ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሮጬ ገባሁና ደምሴን ከብብቱ ይዤ ወደ ሳሎን ልጎትተው ሞከርኩ። ከባድ ነው፣ አልቻልኩም። ሰናይት ያለችው ትዝ አለኝ፣ እኔ ያስወረድኩት ሰውዬ ትዝ አለኝ፣ ገደልኩት አልኩ። በመስኮቱና በእሱ መካከል ገባሁና እላዩ ላይ ተኛሁ። በግራ እጁ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው።

ቋ አለ። አንድ ጊዜ ብቻ። እንጨት ሲገነጠል እኮ ያለቅሳል፣ ሲጥ ይላል፣ ይህ አላለቀሰም። ከዚያ መሬቱ ሲመታ ተሰማኝ፣ አልጋው ነጠረ። ጸጥ አለ፣ ዝናቡ መጣ።

መስኮቱ አልተሰነጠቀም።

ሰናይት በዝናብ ውስጥ በባጃጅ መጣች፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ገብታ ሁለታችንንም ዳሰሰች፣ ከዚያ መሬት ተቀምጣ አለቀሰች። ቅርንጫፉ በግድግዳውና በግንዱ መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ ተጋድሟል፣ ሰው መትሮ ያስቀመጠው ይመስላል።

ማግስቱን ጠዋት ኦሞድ ከፑኝዶ ደረሰ፣ ወሩ አልቆ ነበር። ቦርሳውን ሳያስቀምጥ ወደ እኛ መጣ፣ ዛፉን ዞረው፣ የተቆረጠበትን ቦታ በአውራ ጣቱ አሸው።

"እማማ ሙሉ፣ ይህን ሁለት ሰው ነው የቆረጠ።"

"አንድ ነው፣ ኦሞድ። ቅዳሜ፣ በመጥረቢያ።"

"እሱ ከላይ ያለው ነው። እሱ ሰው ሥራ አያውቅም። ይህ ከሥር ያለው ግን መጋዝ ነው፣ ነጭ ነው፣ አዲስ ነው። ይህን የሠራ ሰው ጎበዝ ነው።"

"ከሥር ነው ያልከኝ?"

"አዎ፣ ከሥር።" ኦሞድ ሳቀ። "ጋሼ ደምሴ እኔን ሲያስተምር ሦስት ወር ሙሉ ሌላ ቃል አልተናገረም። ከሥር፣ ኦሞድ፣ ከሥር። ከላይ ከጀመርክ እንጨቱ ሳይቆረጥ ይሰበራል፣ ልጡ አይለቀውም፣ እንደ በር ይዞርና ሰው ይመታል። መጀመሪያ ከሥር ትንሽ ትቆርጣለህ፣ በኋላ ከላይ ትጨርሳለህ፣ ያኔ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ይህ ከሥር ባይቆረጥ..." መስኮቱን በአገጩ አሳየኝ።

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።

"ይህን ቅርንጫፍ እኮ ልንጥለው ነበር" አለ ኦሞድ። "ከመታመሙ በፊት፣ ከብዷል፣ ፍሬው ሲያልቅ እኔና አንተ እናወርደዋለን ብሎኝ ነበር። ለአንቺ አልነገረም? ጥላውን ትወጃለሽ ብሎ ፈርቶ ይሆናል።"

"ኦሞድ፣ እውነቱን ንገረኝ። አንተ ነህ?"

"እማማ፣ እኔ እስከ ትናንት ማታ ፑኝዶ ነኝ። ሰው ጠይቂ።" ወደ መስኮቱ አየ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሦስት ስቦ የተወበት ይታያል፣ እንጨቱ ላይ ደረጃ አለ። እንዲህ የሚቆርጥ እኔ አንድ ሰው ነው የማውቅ።"

ገባሁ። ከአልጋው አጠገብ ተንበረከክሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ፖፖ ያመጣሁለት፣ ፍራሽ የገለበጥኩበት፣ ጫማ አገኘህልኝ ብዬ ያመሰገንኩት ባሌ ነው።

"ደምስዬ፣ ቅርንጫፉን ነው። ከሥር ጀምሩት ማለትህ ነው። ገባኝ፣ አሁን ገባኝ።"

የፊቱ ግራ ጎን ሳቀ፣ ከዓይኑ እንባ ወረደ። ኦሞድም በሩ ላይ ቆሞ ዓይኑን ይጠርጋል፣ "ጋሼ፣ ሥራው ጥሩ ነው" አለው። ከዚያች ቀን ወዲህ ደምሴ ያችን ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አልተናገራትም።

እዚህ ላይ ብጨርስ ጥሩ ነበር። የዚያን ቀን ማታ ግን ሳጥበው፣ ቀኝ እጁን በሳሙና ስይዝ፣ ከአንጓው እስከ ክርኑ ድረስ ሦስት ጥቁር ነጠብጣቦች አየሁ፣ ዙሪያቸው ቀልቷል። ብፈትገውም አልለቀቀም። አርባ ዓመት ያጠብኩት ክንድ ነው፣ የማንጎ ወተት ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ለሰናይት አሳየኋት፣ ስለ ሰጋቱራውና ስለ መጋዙም ነገርኳት።

"ማንጎ ስታበይው ነክቶት ነው፣ እማዬ።"

"እኔ ማንጎ ማድ ቤት ልጬና ቆርጬ ነው የማመጣለት።"

"እሺ፣ ሰጋቱራው ነቀዝ ይሆናል፣ ቁርጡንም አባዬ ከመታመሙ በፊት ጀምሮት ይሆናል።"

"ሁለት ዓመት የቆየ ቁርጥ ይነጣል?"

የአባቷን እጅ ይዛ ነጠብጣቦቹን ስታይ ቆየች፣ ከዚያ ሳመችው። "ምን ልበልሽ፣ እማዬ፣ እኔ አስተማሪ ነኝ" አለች። ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው፣ አዳምጠው "ባልሽን ማን እንዳተረፈልሽ ታውቂያለሽ፣ አመስግኚ" አሉኝ። አመሰግናለሁ። ጠዋትና ማታ አመሰግናለሁ፣ ከአንድ አልጋ ሁለት ሬሳ ሊወጣ ነበር፣ አልወጣም።

አሁን ጥላው ስለሄደ ክፍሉ ይሞቃል፣ ሰናይት ሁለተኛ ቬንትሌተር ገዛችልን። ኦሞድ ማንጎውን አስተካክሎልኛል፣ ቁስሉ ዙሪያ ቀንበጥ አውጥቷል። ነጠብጣቦቹም ከደምሴ ክንድ ለቀዋል። ሁሉም ደኅና ነው፣ ተመስገን።

ብቻ ባለፈው ሳምንት ደምሴ ሌላ ቃል አወጣ። ሰናይት በደስታ ዘለለች፣ ሐኪሙ ቃላት ቀስ በቀስ ሊመለሱ ይችላሉ ብሎን ነበር። እኔም ደስ ብሎኛል፣ ለምን አይለኝም። ቃሏ "ከላይ" ናት።

አስካለ ሰማችና እልል አለች፣ "ከላይ ነው ምሕረቱ እያለሽ ነው፣ ወደ ላይ እያየ እኮ ነው የሚላት" አለችኝ። ይሆናል። እኔም እንደዚያ ብዬ ልቀበላት እፈልጋለሁ። ግን ኦሞድ ያለኝን ረስቼ አላውቅም፣ መጀመሪያ ከሥር ነው፣ በኋላ ከላይ ይጨረሳል። ማንጎውማ ነፋስ ጨርሶታል፣ ታዲያ አሁን ከላይ የሚጨረሰው የቱ ነው?

ስለዚህ ጠዋት ጠዋት፣ ማንም ሳያየኝ፣ ግቢውን እዞራለሁ። የሎሚውን ሆድ ገብቼ አይቻለሁ፣ ዘይቱኑን፣ ኒሙን፣ ሽፈራውን፣ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ከሥሩ በጣቴ ዳስሻለሁ። የተነካ የለም። ደምሴም "ከላይ" ሲል ዓይኑ ወደ መስኮቱ አይሄድም።

ከሥር የተጀመረው የቱ እንደሆነ አላገኘሁትም። ቀትር ሲሆን በሩን እዘጋለሁ፣ ከአልጋው ጫፍ እቀመጣለሁ፣ ቀኝ እጁን በሁለት እጄ እይዛለሁ።